ፉጨት በወጉ ሥራ ስትለቅ

በእትዬ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ የሚለቅ ሰው አልነበረም። ክር ሊገዛ የሚወጣ ሰው ግን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከሠራተኞቹ አንዱ ብድግ ይላል። ልብሱ ላይ የተጣበቀውን ብጥስጣሽ እያራገፈ፣ «እትዬ፣ ጥቁር ክር አልቋል፤ ገዝቼ ልምጣ» ይላል። እትዬ ቀና ሳይሉ እጃቸውን ወደ በሩ ያወዛውዛሉ። ሰውየው ይወጣል፤ በዚያው ይቀራል። ከሰነባበተ በኋላ ሌላ ስፌት ቤት ተቀጠረ፣ ወይም አገባ፣ ወይም የራሱን የስፌት መኪና ገዝቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ ሲባል ይሰማል። ኪስ ትሠራ የነበረችው ሴት ክር ልትገዛ ወጥታ ቀረች። ሱሪ ቆራጩ ክር ሊገዛ ወጥቶ ቀረ። ከእሱ በፊት የነበረው ሱሪ ቆራጭማ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ስለሄደ፣ እትዬ ከሰውየው ይልቅ ለሜትሩ ሲያዝኑ ሰነበቱ አሉ።

ማንም ለክፋት አላደረገውም። እትዬ አይሳደቡም፣ አይቆጡም። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ዝም ብለው ያያሉ። መርፌ አያያዝ ያስተማሩህ፣ ስትታመም ቤትህ ድረስ መጥተው የጠየቁህ ሰው እንዲያ ሲያዩህ «ልሄድ ነው» ማለት ከባድ ነው። በመስኮት መዝለል ይቀላል። መስኮቱ ደግሞ ብረት አለው። ስለዚህ ክር ይገዛል።

በክር ሰበብ የወጣ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ኑሮው መሸሽ ይሆናል። እትዬን ከሩቅ ካየ አስፋልት ይሻገራል። ሱሪ ቆራጩን እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፤ እትዬ ከዳቦ ቤት ሲወጡ ድንገት ዘወር ብሎ የማያውቀውን መንገደኛ አቅፎ ይስማል። መንገደኛውም ጨዋ ሰው ኖሮ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ «ቤተሰብ ደህና? ልጆች አደጉ?» ይለው ነበር።

አሁን የማወራላችሁ ስለ ባለቤቴ ታናሽ እህት ነው። ስፌት ቤት «ፉጨት» ይሏታል፤ እኛም ስሟን ትተን ፉጨት ማለት ከጀመርን ቆይተናል። ስትሰፋ ታፏጫለች። መኪናዋ ሲፈጥን ፉጨቷ ይፈጥናል፣ ስፌቱ ኩርባ ላይ ሲደርስ እሷም ትጎትተዋለች። እናታቸው በሕይወት ሳሉ «ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ!» ብለው ብዙ ጊዜ ተቆጥተዋት ነበር፤ እሷ ግን መልሳ የምታፏጨው የእናቷን የቁጣ ዜማ ነበር። ሥራዋ የኮትና የካፖርት እጅጌ መግጠም ነው። እጅጌ የስፌት ሁሉ ፈተና ነው። የተሰፋው ልብስ ከትከሻው ላይ ካላረፈ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር ባለቤቱ የተሰቀለ ሰው ይመስላል። ገና በልጅነቷ እትዬ ቤት ገብታ፣ እጅጌ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ማታ እራት ላይ ሳለን በሩን በርግዳ ገባች። ከመግባቷ እኔን ትታ እህቷን በወገቧ ይዛ ማሽከርከር ጀመረች።

«ኧረ ልቀቂኝ! ወጡን ደፋሽው!» አለች ባለቤቴ።

«እታለም፣ መምህርት ሆንኩልሽ! የሙያ ማሠልጠኛው ወሰደኝ! እጅጌ አስተምሪ አሉኝ! ጋሼ፣ ይሰሙኛል? ሰው ቁጭ ብሎ እኔን ሊሰማ ነው!»

«እኛስ ቁጭ ብለን መስማት ከጀመርን ስንት ዘመናችን ነው?» አልኳት።

ሳቅን፤ ተሳሳምን፤ የፈሰሰውን ወጥ ጠረግን። ባለቤቴ ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገባች። «በይ እንግዲህ ነገ ከምሳ በኋላ ክርሽን ግዢ።»

ፉጨት ቁጭ አለች። ሳቋ ባይጠፋም ተሰበሰበ። «ክር አልገዛም።»

«ምን ልታደርጊ ነው ታዲያ?»

«እነግራቸዋለሁ። ፊት ለፊት። በወጉ። የወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ ሥራዬን አስረክቤ፣ በበሩ እወጣለሁ።»

«አብደሻል!» አለች ባለቤቴ። «እንዴት ብለሽ ነው ዓይናቸውን የምታዪው?»

«እሱን ነው የፈራሁት። ግን እታለም፣ እኔ እትዬን ባየሁ ቁጥር አስፋልት እየተሻገርኩ መኖር አልችልም። መኪና ይገጨኛል። ደግሞም…» ብላ የሹራቧን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየች። «ደግሞም እሳቸውን ሰላም ሳልል የማልፍበት መንገድ ምን መንገድ ነው?»

የእኔ ልብ ከእሷ ጋር ተነሥቶ ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት ፉጨት ሳታፏጭ ገባች። ይሄ ብቻውን ቤቱን አስደነገጠው። ያኔ በቤቱ የቀሩት ሠራተኞች ከእሷ ሌላ ሁለት ናቸው። አንደኛው ቁልፍ የሚተክለውና የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራው፣ አጭርና ድብልብል ስለሆነ «አዝራር» የሚሉት ነው። ሁለተኛው ልብስ ተኳሹ «እንፋሎት» ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚናገር ሰው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ያወራልን አዝራር ነው፤ ፉጨት ራሷ ስታወራው በሳቅ መሐል መሐሉ ይጠፋባታል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«ክር አለቀ እንዳትይኝ ብቻ» አሉ እትዬ፣ ከሚቆርጡት ጨርቅ ላይ ቀና ሳይሉ።

«አላለቀም። ሥራ ልለቅ ነው።»

የአዝራር መርፌ አየር ላይ ቀረ። የእንፋሎት ካውያ አንድ ሱሪ ላይ ቆሞ ማሳረር ጀመረ። እትዬ መነጽራቸውን አወረዱና ያንን አስተያየት አዩዋት። ፉጨት ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«አሞሻል?»

«ደህና ነኝ።»

«ማነው ያስቀየመሽ? አዝራር ነው?»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ!» አለ አዝራር። «ገና አፌን እንኳ አልከፈትኩም!»

«ማንም አላስቀየመኝም እትዬ። ማሠልጠኛው መምህርት አድርጎ ቀጥሮኛል። የወር ማስጠንቀቂያ ልሰጥዎት ነው።»

«እኔን? እኔን ነው የምታስጠነቅቂው?»

«ክፉ ቃል አይደለም እትዬ፣ ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው። እርስዎ ሰው እንዲያዘጋጁ፣ እኔም ሥራዬን እንዳስረክብ ነው።»

እትዬ መቀሳቸውን አስቀመጡ። «እሺ። እንግዲህ ለቅቀሻል።»

«ለቅቄያለሁ።»

«ታዲያ አሁን ምን ልታደርጊ ነው?»

«ያንን ግራጫ ካፖርት ልጨርስ ነዋ።»

«ነገስ?»

«እመጣለሁ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«እመጣለሁ እትዬ። ወሩ እስኪያልቅ በየቀኑ እመጣለሁ።»

እትዬ ወደ አዝራር ዞሩ፤ ምስክር የሚፈልጉ ይመስላሉ። «እኔ የማውቀው ሳይለቅ የሚቀር ሰው ነው። ለቅቆ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።»

እንፋሎት የዚያን ቀን ንግግሩን በዚህ ላይ አዋለው። «ጉድ ነው» አለ። ከዚያ የሚጨሰውን ሱሪ አየ።

ያ ወር እንዴት ያለ ወር ነበር! እትዬ የፉጨትን ቃል ሰሙ እንጂ አላመኑም። ዕድሜ ልካቸውን ያዩት ሌላ ነዋ። በማግስቱ አንድ ካርቶን ሙሉ ጥቁርና ነጭ ክር በተሸካሚ አስመጥተው በሩ አጠገብ አስቀመጡ፤ «በዚህ ቤት ከእንግዲህ ክር አያልቅም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። ፉጨት ወደ መጸዳጃ ስትሄድ አዝራር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ ይታዘዛል። አዝራር ደግሞ ዝም ብሎ መቆም አይሆንለትም።

«አለሽ?» ይላል በበሩ።

«አለሁ!»

«አሁንም አለሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ በየት በኩል ነው የምሄደው!»

ጥበቃው ብቻ አይደለም፤ እንክብካቤውም መጣ። የእትዬ የራሳቸው የመስኮት ወንበር፣ ማንም ተቀምጦበት የማያውቀው፣ ትራስ ተደርጎበት ለፉጨት ተሰጠ። ሻይ ሲመጣ መጀመሪያ ለእሷ ይቀዳል። «ወገብሽን እንዳያምሽ»፣ «ብርሃኑ ይበቃሻል?»፣ «ትንሽ አረፍ በይ እስቲ»። ፉጨት እቤታችን እየመጣች «እታለም፣ ሥራ መልቀቅ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ባውቅ ኖሮ በየዓመቱ እለቅ ነበር!» ትላለች።

ይህን ሲያይ የከረመው አዝራር አንድ ቀን ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ። «እትዬ፣ እኔም የወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ።»

«የት ልትሄድ?»

«የትም።»

«እንዴት የትም?»

«መሄዱን አላሰብኩበትም። ማስጠንቀቂያውን ነው የፈለግሁት። ያ ወንበር ለወገብ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ…»

«ማስጠንቀቂያህን ይዘህ ተቀመጥና ቁልፍህን ትከል!» አሉት እትዬ። ፉጨት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እንፋሎት እንኳ ጥርሱ ታየ ይባላል፤ ይህን ግን በአዝራር አፍ ብቻ ስለሰማሁት ማረጋገጫ የለኝም።

ማስረከቡም ቀላል አልነበረም። እጅጌ መግጠሙን የሚረከበው አዝራር ሆነ። መጀመሪያ የገጠመው እጅጌ ወደ ኋላ የዞረ ነበርና፣ እንፋሎት ሲለብሰው የራሱን ጀርባ ከማከክ በቀር በእጁ ምንም መሥራት አልቻለም። ሁለተኛው ደግሞ ልክ ነበር፤ ችግሩ የተገጠመው ከሌላ ሰው ኮት ላይ መሆኑ ነው። ፉጨት ፈታች፣ አስፈታች፣ እጁን ይዛ እንደገና አሰፋች። «ጨርቁን አትጎትተው፣ አስተኛው፤ ሕፃን የምታስተኛ ይምሰልህ» ትለዋለች። ወሩ ሊያልቅ ሲል አዝራር አንድ እጅጌ በራሱ ገጥሞ፣ ትከሻው ላይ ጸጥ ብሎ ሲያርፍለት፣ ራሱም ጸጥ አለ። ከዚያ ቤቱን ሦስት ጊዜ እየዞረ እየዘለለ አሳየው፤ ማንን እንደሚያሳይ ባይታወቅም።

በመጨረሻው ሳምንት አንዲት የጥርስ ሐኪም ካፖርት ልታሰፋ ጨርቅ ይዛ መጣች። የጨርቁ ቀለም አረንጓዴ ነው ሲሉት ግራጫ ይሆናል፣ ግራጫ ነው ሲሉት ሰማያዊ ያደርገዋል። የእትዬ ካርቶን ሙሉ ክር ከዚህ ጨርቅ ጋር አንዱም አይሄድም። እትዬ አዝራርን ላኩ። አዝራር ሰማያዊ ይዞ መጣ። እንደገና ተላከ፤ የሻገተ ሎሚ የመሰለ ይዞ መጣ። እንፋሎት ተላከ፤ ምንም ሳይዝ መጣ፤ የቀን ንግግሩን ጠዋት ስለጨረሰ የክር ነጋዴው ምን እንደሚፈልግ አልገባውም። በዚያ ቤት ውስጥ የቀለም ዓይን ያላት ፉጨት ብቻ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ሐኪሟ ደግሞ ካፖርቷን በማግስቱ ትፈልገዋለች።

ፉጨት ተነሣች። ልብሷ ላይ የተጣበቀውን ብጥስጣሽ አራገፈች። ሰማዩ ስለከበደ ጃኬቷን ለበሰች። ከአፏ እስኪወጣ ድረስ ምን እያለች እንደሆነ ራሷም ልብ አላለችውም።

«እትዬ፣ ክር ገዝቼ ልምጣ።»

እትዬ የለበሰችውን ጃኬት አዩ፣ በሩን አዩ። እጃቸውን ማወዛወዝ እንኳ አቃታቸው። «ሂጂ እሺ» አሉ፣ ድምፃቸው ከጨርቁ በታች የሚመጣ ይመስል።

ክር ቤቱ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ነጋዴው መሳቢያ በመሳቢያ ሲከፍት፣ ፉጨት ክሮቹን እያወጣች በደጁ ብርሃን ስታይ፣ ከቁልፍ መደርደሪያው ጀርባ አንዲት ሴት ተጎንብሳ ተደብቃ አየች። ኪስ ትሠራ የነበረችው ናት።

«ውጪ፣ እኔ ነኝ! እትዬ የሉም!»

ሴትዮዋ ቀና አለች። «እፎይ! አንቺም ወጣሽ?»

«አልወጣሁም፤ ክር ልገዛ መጥቼ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ።»

«ኧረ የምሬን ነው! ገዝቼ እመለሳለሁ!»

«ትመለሻለሽ? ክር ይዘሽ?» አለችና ሴትዮዋ ሳቅ ጀመራት። ስትስቅ ፉጨትን ያዘቻት፤ ፉጨትም ሳቀች፤ ነጋዴው ምን እንደሆነ ባይገባውም አብሮ ሳቀ። በዚህ መሐል ዝናቡ ወረደ። ሁለቱ ሴቶች የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጠው ዝናቡ እስኪያባራ የእትዬን ቤት ወሬ አንድ ባንድ ተጫወቱ። በመጨረሻ ኪስ ሠሪዋ ቀስ ብላ «ለመሆኑ ደህና ናቸው? ጉልበታቸው እንዴት ነው?» ስትል ጠየቀች። ፉጨት ያን ጊዜ ነበር መዘግየቷ ትዝ ያላት። ክሩን ጃኬቷ ውስጥ ከትታ ሮጠች።

ስፌት ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ፉጨት ደረጃውን ስትወጣ እያፏጨች ነበር። ከላይ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማች።

የወደቀው አዝራር ነበር፤ ከመስኮቱ ወንበር ላይ። መቀሷ በእንፋሎት የደረት ኪስ ውስጥ ነው። የመርፌ ትራሷ አዝራር ክንድ ላይ ታስሯል። የሻይ ብርጭቆዋ እንኳ ባለቤት አግኝቷል። እትዬ የሉም። ልብስ ከሚሞከርበት መጋረጃ ጀርባ ግን ሁለት ጫማዎች ይታያሉ፤ ከመጋረጃው ውስጥም አፍንጫ ሲናፈጥ ይሰማል።

«ሳልሞት ተካፈላችሁኝ?» አለች ፉጨት።

«እኛ እኮ…» አለ አዝራር ከወለሉ ላይ፣ «ዝናቡ… ጃኬቱ… መቀሱ ዝገት እንዳይበላው ብለን ነው!»

ፉጨት ወደ መጋረጃው ሄደች። «እትዬ።»

መናፈጡ ቆመ።

«እትዬ፣ ይኸው ክርዎ።»

ከመጋረጃው ጎን አንድ እጅ ወጣ። ፉጨት የክሩን ጥቅል መዳፉ ላይ አስቀመጠች። እጁ ወደ ውስጥ ገባ። ትንሽ ቆይቶ እትዬ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ማንንም ሳያዩ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደው ክሩን ከጨርቁ ጋር አስተያዩ። ገለበጡት። እንደገና አስተያዩ።

«ቀለሙ ልክ ነው» አሉ።

ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ክሩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። «ስንቱ ሰው ክር ገዝቼ ልምጣ ብሎኝ ወጣ። እስከ ዛሬ ከእነሱ አንድ ጥቅል እንኳ አልደረሰኝም።» ይህን ብለው ራሳቸው የተናገሩትን ሰሙት መሰለኝ፤ ሊያለቅሱ ነው ሲባል ሳቅ አፈናቸው። መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። አዝራር ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ሳቀ። እንፋሎት መቀሱን መልሶ ለፉጨት እያቀበለ፣ የቀኑን ንግግር መጨረሱን ረስቶ፣ «እንኳን መጣሽ» አላት።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ፉጨት ጠረጴዛዋን አጸዳች፣ መኪናዋን ዘይት ቀባች፣ ያልተጨረሰውን ሥራ ለአዝራር አስረከበች። ጃኬቷን ለብሳ እትዬ ፊት ቆመች። የምትለውን ከእኛ ቤት ጀምራ ስታጠና ሰንብታ ነበር፤ አንዱም አልመጣላትም።

«እትዬ፣ እንግዲህ…»

«ጃኬቱን አውልቂና እዚህ ቁሚ» አሉ እትዬ፣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው እየሳቡ።

«እትዬ፣ ልሄድ እኮ ነው።»

«እስከ ማታ አለቃሽ እኔ ነኝ። ቁሚ።» ትከሻዋን ለኩ፣ ክንዷን ለኩ፣ ወገቧን ለኩ። «በዚህ ሹራብ መምህርት ልትሆኚ? ነገ ከማን ቤት ነው የወጣሽው ቢሉሽ ምን ልትይ ነው? እጅሽን ዘርጊ። ኮትና ቀሚስ እሰፋልሻለሁ። ቅዳሜ ለልክ ትመጫለሽ።»

ፉጨት እጆቿን እንደዘረጋች እንባዋ ወረደ፤ እጇ የተያዘ ስለሆነ አዝራር በጨርቅ ቁራጭ ጠረገላት። ከዚያ በበሩ ወጣች፤ በደረጃው ላይ ሁሉ ፉጨቷ ይሰማ ነበር።

ቅዳሜ ሄደች። ትከሻው ትንሽ ሰፋ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይስተካከላል ተባለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወፍረሻል ተባለች። ከዚያ በኋላ ባለው ከስተሻል ተባለች። እትዬ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው በዙሪያዋ እየዞሩ፣ «ተማሪዎችሽ ይሰማሉ? ያቺ ግራኟ ልጅ ለመደች? መቀሱን በግራ እጇ የምትይዝ ከሆነ ጨርቁን ከወዲያ ታዙርላት» ይላሉ። አዝራር ሻይ ያመጣል። በመካከሉ ማሠልጠኛው የተማሪዎቹን ሥራ ለወላጆች አሳየ፤ ፉጨት በዚያው በሹራቧ ቆማ አሳየች።

ባለፈው ቅዳሜ እኛ ዘንድ ስትመጣ በደጃፉ ላይ እየሳቀች ነበር።

«ጋሼ፣ እጅጌውን እኮ ባለፈው ሳምንት እራሴ አይቼዋለሁ፤ እንከን የለውም። ዛሬ ስሄድ ሁለቱም ተፈተዋል!»

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

«እትዬ፣ ይሄ ልክ አልነበረም እንዴ አልኳቸዋ።»

«እሳቸውስ?»

«ወደ ላይ አዩኝና፣ ‹ዝም ብለሽ ቁሚ፤ መርፌ ይወጋሻል› አሉኝ።»